ሲስተር፣ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይቀንሳል)

በዚህ ሰዓት ዘወትር የምናወጋው ከታካሚውና ከቤተሰቡ ጋር ነው። ዛሬ ግን ነርሶችን፣ አዋላጆችን፣ ጤና መኮንኖችን፣ ፋርማሲስቶችን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችንና ሐኪሞችን ላነጋግር ነው። ሌሎቻችሁም ሬዲዮውን እንዳታጠፉት፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተው ዘንድ ይመጣል።

ርእሳችን በተለምዶ ክሊኒካል ትራያል የምንለው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ነው። የጤና ባለሙያዎቻችን ስለዚህ ሙከራ ምን ያውቃሉ? በምን ዐይን ይመለከቱታል? የእነሱ ማወቅና አለማወቅስ ለታካሚው ምን ያመጣል? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

እንዲህ እንበል። አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተገኝቶባቸው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ። እዚያም አንድ ጥናት ላይ እንዲሳተፉ ተጠየቁ፤ ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ተነበበላቸው፤ "አስበውበት ይምጡ" ተባሉ። እሳቸው ታዲያ ወረቀቱን ይዘው የሚመጡት ወደማያውቁት ፕሮፌሰር አይደለም። የሚመጡት ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ፣ ሲያስሉ አይታ አክታ ወደተቀበለቻቸው ነርስ ነው። "ሲስተርዬ፣ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?" ይሏታል።

ከሲስተር አፍ ሦስት ዓይነት መልስ ሊወጣ ይችላል። አንደኛው፣ "እማማ፣ ይቅርብዎ፤ ሊሞክሩብዎ ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ "ነጻ ሕክምና ነው፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ይፈርሙ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ "እኔ ምኑንም አላውቀው፤ ዶክተሩን ይጠይቁ" የሚል ነው። ሦስቱም ከክፋት የመጡ አይደሉም። ሦስቱም ግን እኚህን እናት ብቻቸውን ይተዋቸዋል። ዛሬ እነዚህን ሦስት መልሶች አንድ በአንድ እንያቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

በቅድሚያ ግን ክሊኒካል ትራያል የሚባለው የትኛው ነው? በጤና ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ ክሊኒካል ትራያል አይደለም። ከዚሁ ከቄራ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች የአዲስ አበባውን ጨምሮ በአገሪቱ የተለያዩ ቄራዎች ከ32,000 በላይ የታረዱ ከብቶችን መርምረው፣ የከብት ቲቢ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያሳይ ጥናት በ2009 አሳትመዋል። ከመቶ አምስት ገደማ በሚሆኑት ላይ የቲቢ ቁስል የሚመስል ነገር ታይቷል። ይህ ትልቅ ጥናት ነው፤ ሙከራ ግን አይደለም። ተመራማሪው ያለውን አየ፣ ቆጠረ፣ ናሙና ወሰደ እንጂ ምንም አልለወጠም። ካርድ አገላብጦ ስንት ታካሚ መድኃኒት እንዳቋረጠ የሚቆጥርም እንደዚሁ ነው።

ክሊኒካል ትራያል የሚሆነው ተመራማሪው ራሱ ለተሳታፊዎቹ አንድ ሕክምና፣ ክትባት ወይም አሠራር መድቦ ውጤቱን በሰዎቹ ጤና ላይ ሲለካ ነው። አዲስ መድኃኒት በቅድሚያ በላቦራቶሪና በእንስሳት ይጠናል። ከዚያ በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ሰዎች ወስደውት ደኅንነቱና መጠኑ ይታያል። በሁለተኛው ደረጃ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ይወስዱትና ይሠራ እንደሆነ ፍንጭ ይፈለጋል። በሦስተኛው ደረጃ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፋሉ፤ አዲሱ ሕክምና ቀድሞ ከነበረው ጋር የሚወዳደረው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ደረጃ መድኃኒቱ ገበያ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው።

በውድድሩ ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ዕጣ ነው። ይህ ባለሙያዎችንም ታካሚዎችንም ያስደነግጣል፤ "የሰው ሕይወት በዕጣ ይወሰናል?" ያሰኛል። ነገር ግን ሐኪሙ እንዳሻው ቢመድብ፣ ሳያስበው ብርቱዎቹን ወደ አዲሱ፣ የደከሙትን ወደ አሮጌው ሊያደርጋቸው ይችላል፤ መጨረሻ ላይ የሚታየው ልዩነት የመድኃኒቱ ይሁን የሰዎቹ መለየት አይቻልም። ዕጣ ማውጣት ተገቢ የሚሆነውም የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ነው። የሚታወቅ ከሆነ ማወዳደሩ ራሱ ነውር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ እንምጣ። "ሊሞክሩብዎ ነው፤ ይቅርብዎ።" ይህ ፍርሃት ከሜዳ አልበቀለም። በአሜሪካ አላባማ፣ ተስኪጊ በምትባል ከተማ፣ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ወደ 400 የሚጠጉ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች በሽታው ሳይታከምላቸው በመንግሥት ሐኪሞች ሲታዩ ኖረዋል። ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን በታወቀበት ዘመን እንኳ ተነፍገዋል። በናይጄሪያ ካኖ ደግሞ በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በ200 ሕፃናት ላይ መድኃኒት አወዳድሮ 11 ሕፃናት ሞተዋል። ቤተሰቦቻቸው ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ክሱን አስተባበለ፤ በ2009 ግን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በሚያዝያ 2020 መጀመሪያ ላይ ሁለት ፈረንሳውያን የሕክምና ሰዎች በቴሌቪዥን ቀርበው የኮቪድ ክትባት ሙከራ በአፍሪካ ቢደረግ የሚል ሐሳብ ሲሰነዝሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ንግግሩን ዘረኝነት ብለው አወገዙት፤ አፍሪካ የክትባት መሞከሪያ አትሆንም አሉ። "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው የተተረተ ይመስላል።

ነገር ግን ከተስኪጊ ታሪክ ውስጥ ለጤና ባለሙያ የሚበጀው ትምህርት ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰዎቹን ከጥናቱ ጋር አስተሳስራ ያቆየቻቸው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ ነበረች። መንደራቸውን ታውቃለች፤ በመኪናዋ ታመላልሳቸዋለች፤ እነሱም ያምኗታል። ጉዳዩን አጥብቆ የተቃወመውና በኋላም ለጋዜጠኛ ያደረሰው ፒተር ባክስተንም የዚያው የጤና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ1966 ለአለቆቹ ጻፈ፤ አልሰሙትም፤ በ1972 ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ጥናቱ ቆመ። ሁለቱም ዝቅተኛ እርከን ላይ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። አንዷ ሳትጠይቅ አገለገለች፤ አንዱ ጠየቀ። ታካሚውን ከክፉ ጥናት የሚያድነው የባለሙያው ፍርሃት ሳይሆን ጥያቄው ነው።

ደግሞስ "ይቅርብን" ብንል ምን እናጣለን? ዛሬ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአብዛኛው ዶሉቴግራቪር ያለበትን እንክብል ይውጣል። መድኃኒቱ በመጀመሪያ የተጠናው በአብዛኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች ላይ ነበር። ደቡብ አፍሪካና ካሜሩን በየራሳቸው ፈትሸውት በ2019 ውጤታቸውን ሲያወጡ፣ በደንብ መሥራቱ ተረጋገጠ። በደቡብ አፍሪካው ሙከራ ግን አንድ ሌላ ነገር ጎልቶ ወጣ፤ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ክብደታቸው በብዙ ይጨምር ነበር። ዛሬ የኛ ነርስ ታካሚዋን ሚዛን ላይ አቁማ ስለ ክብደት የምትመክረው አፍሪካውያን ተሳታፊዎች ባስገኙት ዕውቀት ጭምር ነው።

ሌላ ምሳሌ ከወደ አማራ ክልል እንውሰድ። ካላዛር የሚባለው በሽታ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለወቅታዊ ሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን ያጠቃል። ኤች አይ ቪ ሲታከልበት ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፤ በሽታው ይመላለሳል። ይህን ድርብ በሽታ ትርፍ ፍለጋ የሚያጠናው ኩባንያ የለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአብደራፊ በተደረገ ሙከራ ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት አንዱን ብቻ ከመስጠት እንደሚሻል ታየ፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን ሲያድስ ከሕንድ ከተገኘው ማስረጃ ጋር ይህንንም ተመርኩዟል። እነዚያ ታካሚዎች "ይቅርብን" ቢሉ ኖሮ ለዚህ በሽታ ማን ያስብ ነበር?

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው መልስ፣ "ነጻ ሕክምና ነው፤ ይፈርሙ" የሚለው ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ደግነት ስለሚመስል። የሐኪም ሥራ ፊቱ ያለውን ሰው ማዳን ነው። የሙከራ ዓላማ ግን ነገ ለሚመጡት ሁሉ የሚሆን ዕውቀት ማግኘት ነው። ተሳታፊው ይጠቀም ይሆናል፤ ላይጠቀምም ይችላል፤ ሊጎዳም ይችላል። ይህ ልዩነት ካልተነገረው ሰውየው የፈረመው ለማያውቀው ነገር ነው። በደንብ የተያዘ ሙከራ ላይ የሚሳተፍ ሰው ምርመራ በነጻ ሊያገኝ፣ ክትትሉም ሊጠብቅለት እንደሚችል እውነት ነው። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ግን "ነጻ" የምትለዋ ቃል ብቻዋን ስትነገር ምክር መሆኗ ይቀርና ግፊት ትሆናለች።

በችኮላ ማመን የባለሙያም የመንግሥትም ፈተና ነው። በመጋቢት 2020 ኮቪድ አገራችን በገባ ሰሞን፣ ከአገር በቀል ዕውቀትና ከዘመናዊ ሳይንስ ተጣምሮ የተሠራ መድኃኒት የመጀመሪያዎቹን የምርምር ደረጃዎች አልፏል ተብሎ በይፋ ሲነገር ብዙ ሰው መድኃኒት ተገኘ ብሎ ተረድቶት ነበር። የእንስሳትና የሰው ሙከራ ግን ገና ይቀረው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ "የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ከምን ጋር ተወዳደረ? ስንት ሰው ወሰደው?" ብሎ የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ በየሰፈሩ ያስፈልጋል። የአገር መድኃኒትን ማክበርም ቢሆን በሥርዓት መፈተሽን ይጨምራል።

ሙከራ የምንመኘውን ሁልጊዜ እንደማይነግረን ጥሩ ማሳያ የሚሆነን ስትሪም የተባለው የቲቢ ሙከራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአለርት ግቢ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተሳተፉበት ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና ያኔ 20 ወር ይፈጅ ነበር። በየዕለቱ ጭብጥ ሙሉ እንክብል፣ ለወራት ደግሞ መርፌ። ጥያቄው፣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው አጭር ሕክምና ከረጅሙ ያንሳል ወይ? የሚል ነበር። በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ 424 ታካሚዎች ተሳተፉ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም በረጅሙ ሕክምና ከመቶ 79.8፣ በአጭሩ ከመቶ 78.8 የሚሆኑት ጥሩ ውጤት ላይ ደርሰው ነበር። አጭሩ አልበለጠም፤ ግን አላነሰም። ለታካሚው ከሞላ ጎደል አንድ ዓመት ሙሉ ተቀነሰለት ማለት ነው። በአንጻሩ አጭሩን በወሰዱት ላይ የልብ ምት ሥርዓት መዛባት ምልክት በኤሌክትሮካርዲዮግራም በርከት ብሎ ታየ፤ ስለዚህ ልብን መከታተል ግድ መሆኑም አብሮ ታወቀ።

ሁለተኛው ምዕራፍ መርፌውን አስቀርቶ ቤዳኩይሊን በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ተካው። በ2022 የወጣው ውጤት እንዳሳየው መርፌ ካለበት ሕክምና ከመቶ 71፣ ሁሉም በአፍ ከሚወሰደው ከመቶ 83 ጥሩ ውጤት አገኙ። በመርፌው ሰበብ የሚመጣው የመስማት ጉዳትም በእጅጉ ቀነሰ። ዛሬ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት የቄራ ልጅ ጆሮውን ሳያጣ ከታከመ፣ ወረቀቱን አንብበው ወይም ተነብቦላቸው የፈረሙ የአዲስ አበባ ታካሚዎች ድርሻ አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው መልስ፣ "እኔ አላውቅም፤ ዶክተሩን ይጠይቁ" ነው። ብዙ ባለሙያ ሙከራ የፕሮፌሰሮችና የውጭ አገር ሰዎች ሥራ ይመስለዋል። እስቲ ወደ አማራ ክልል ገጠር እንመለስ። በትራኮማ ሰበብ የዐይን ቆብ ፀጉር ሲቀለበስ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ይህን ቀዶ ሕክምና በአገራችን በአብዛኛው የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና መሰል ባለሙያዎች ናቸው። እዚያው ክልል 1,000 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ሁለቱን የቀዶ ሕክምና ዘዴዎች አወዳድሮ በ2016 ውጤቱን አወጣ። በአንደኛው ዘዴ ከታከሙት ከመቶ 22፣ በሌላኛው ከመቶ 13 ላይ ብቻ ፀጉሩ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ተቀለበሰ። ዓለም አቀፍ ትርጉም ያለው ይህ ዕውቀት የተገኘው ከገጠር የዐይን ሕክምና ሥራ ነው።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ ተመራማሪ ባይሆንም ከሙከራ ውጭ አይደለም። በሙከራ ላይ ያለ ታካሚ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው ወይም ሰውነቱ ቢያሳክከው የሚሮጠው ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያለው ባለሙያ ታካሚው የጥናት መታወቂያ ካርድ እንዳለው ካልጠየቀ፣ ከጥናቱ መድኃኒት ጋር የማይስማማ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ያየውን የጎንዮሽ ጉዳት ካላሳወቀ ደግሞ አደጋው ከመዝገብ ይቀራል።

የሥራ ጫናውን አልዘነጋሁትም። አንዲት ነርስ በጠዋት ተሰልፎ የሚጠብቃትን ሕዝብ ሳትጨርስ የጥናት ቅጽ ሙይ ስትባል ብትማረር አይፈረድባትም። ከዚህም የከፋ ቅሬታ አለ፤ ተመራማሪው ታካሚ ላኩልኝ ይላል፣ ደሙን ይወስዳል፣ ጽሑፉን ያሳትማል፤ ውጤቱን ግን ለላኩለት ባለሙያዎች ተመልሶ አይነግራቸውም። ባለሙያው ሙከራን በጥርጣሬ የሚያይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔውም በተመራማሪው እጅ ነው፤ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ መምጣት።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ሲስተር ምን ትመልስ? "ይፈርሙ" ወይም "ይቅርብዎ" ማለት አይጠበቅባትም። ከእናትየው ጋር ቁጭ ብላ የሚከተሉትን ብትጠይቅ ይበቃታል።

ይህን ሙከራ ማን ፈቀደው? በአገራችን በሰው ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይሁንታ ሌላ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥልጣኑም በአዋጅ ቁጥር 1112 ተደንግጓል። በመረጃ ወረቀቱ ላይ የኮሚቴው ስምና ስልክ መኖር አለበት።

አዲሱ ሕክምና የሚወዳደረው ከምን ጋር ነው? በ1964 የወጣውና በየጊዜው የሚታደሰው የሄልሲንኪ ድንጋጌ፣ የተረጋገጠ ሕክምና ካለ ማወዳደሪያው እሱ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ባዶ እንክብል መስጠት የሚፈቀደው በጠባብ ምክንያት ነው።

ተሳታፊው ቢጎዳ ማን ያክመዋል፣ ማንስ ይክሳል? መሐል ላይ ልውጣ ቢል መደበኛ ሕክምናው ይቀጥልለታል? መልሱ አዎ መሆን አለበት። የሚሰጠውስ ደም የት ይሄዳል? አገር ውስጥ ይቀራል ወይስ ይላካል? ሙከራው ካበቃ በኋላ መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ተሳታፊው ያገኘዋል?

በመጨረሻም፣ ገብቷቸዋል? ማንበብ የማይችሉ ሰው ከሆኑ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክር ባለበት ይነበብላቸዋል፤ ከተስማሙ በጣት አሻራቸው ያረጋግጣሉ። መግባባቱ የሚታወቀው ግን በአሻራው አይደለም። "እማማ፣ እስቲ የነገሩዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ" ቢባሉ እናትየው የሚመልሱት መልስ ከማንኛውም ፊርማ ይበልጣል። ልጃቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ማማከር ከፈለጉም ጊዜ ይሰጣቸው።

የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ይህን ለመማር ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተቋቋመው ሲ ዲ ቲ አፍሪካ የተባለው ማእከል በመድኃኒት ሙከራ ዘርፍ ያሠለጥናል፤ አርማወር ሐንሰንም ከ1970 ጀምሮ በዚሁ ከተማ አለ። ጉድ ክሊኒካል ፕራክቲስ የሚባለውን የሙከራ አሠራር ሥርዓት የሚያስተምሩ አጫጭር ኮርሶች በኢንተርኔትም ይገኛሉ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም በወር አንድ የጠዋት ስብሰባ ለዚህ ስጡ፤ በአካባቢያችሁ የሚካሄዱ ሙከራዎች ካሉ ተመራማሪዎቹን ጋብዙና ጠይቋቸው። የኮሌጅ መምህራንም ተማሪ ነርስ ከመመረቋ በፊት አንድ የስምምነት ቅጽ ከታካሚ ጋር አብራ እንድታነብ አድርጉ።

ታካሚዎችም ስሙኝ። ወረቀት ሲሰጣችሁ አትደንግጡ፤ አትቸኩሉ። ቅጂውን መውሰድ መብታችሁ ነው፤ ወደምታምኑት የጤና ባለሙያ ይዛችሁት ሂዱና አብራችሁ አንብቡት። እምቢ ማለትም መብታችሁ ነው፤ በእምቢታችሁ ሕክምና የሚከለክላችሁ ሰው ካለ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አመልክቱ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)